ለእርጥብ ሣር የሚገዛ መሣሪያ በእርጥብ ዳገት ላይ ይፈተን

በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር የከብት ቀለብ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በመካከል ሲቆም ጠብ ይበርዳል፤ እጁን ያነሳም እጁን ይሰበስባል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ ከተማ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንበርከክ በቁጣ የተነሳሳውን ወጣት ከጥፋት እንደመለሱት አገር የሚያስታውሰው ነው። ይኸው ሣር ከአደባባይ ወደ ጓሮ ሲመለስ ደግሞ የኑሮ መሠረት ይሆናል። ላሟ ሣሩን ትበላለች፤ ፍግዋ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል፤ እንሰቱ ቤተ ሰቡን ይመግባል። በጨንቻ፣ በዲታ፣ በቦንኬና በሌሎችም የደጋ ወረዳዎች ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲላላ ሌላውም አብሮ ይላላል።

እንግዲህ ይህን ሣር በምን ማጨድ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ቢታይም ትንሽ አይደለም። በተለይም «ለማኅበሩ የሣር ማጨጃ መኪና ይገዛ» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ በሚነሳበት ጊዜ፣ የቀበሌው መሪ፣ በብዙ ሰው አፍ ዛሬም «የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር» የሚባለው ማለት ነው፣ እንዲሁም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮሚቴ አስቀድሞ አውጥቶና አውርዶ ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ ነው። የሚወጣው ገንዘብ የአባላት መዋጮ ነው። መኪናው በተገዛ በጥቂት ወር ውስጥ በመጋዘን ጥግ ዝጎ ቢቀር፣ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን አባላት በመሪዎቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ከየት እንደሚመነጭ በቅንነት መታየት ይኖርበታል። መኪና ይገዛ የሚለው ሰው ቅንጦት የፈለገ አይደለም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። በደጋው ግን በመካከሉ ባሉት የክረምት ወራትም ጉሙና ካፊያው ስለማይለቅ ሣሩ እምብዛም አይደርቅም። ዝናቡ ሲበዛ ሣሩ ይበዛል፤ ሣሩ ሲበዛ ደግሞ ሥራው ይከብዳል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ሣር ውስጥ 80 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። በቅጠሉ ላይ ያረፈው የዝናብ ውሃ ሲጨመርበት ሸክሙ ወገብ ያጎብጣል። ይህን ሸክም በሚያዳልጥ መንገድ ላይ ተሸክመው የሚወጡትና የሚወርዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ድካሙን ለማቃለል የሚደረገው ጥረት ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚገዛው መሣሪያ በእርግጥ ድካሙን ያቃልላል ወይ የሚለው ነው።

የመኪናውን ባሕርይ ለማወቅ አመጣጡን መመልከት ይጠቅማል። የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ መኪና የሠራው ኤድዊን ቢርድ በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ሐሳቡ የመነጨው ከእርሻ ሳይሆን ከሽመና ነበር። በዲንግ ይኖርበት በነበረው በስትራውድ አካባቢ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። በእነዚህ ፋብሪካዎች ውስጥ ከተሸመነው ጨርቅ ላይ ተርፎ የሚቆመውን ፀጉር በሚሽከረከር ስለት የሚላጭ መሣሪያ አየና ለአጭር ሣርም ይሆናል ብሎ አሰበ። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ታሪክ ቢሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መኪናው ከጥንቱ የተፈጠረው እንደ ተወጠረ ጨርቅ በተስተካከለ ሜዳ ላይ፣ አጭርና ደረቅ ሣር ለመላጨት ነው።

ከመኪናው በፊት የአውሮፓ ገበሬ ሣሩን ያጭድ የነበረው በሁለት እጅ ተይዞ ከወገብ በሚወዘወዝ፣ ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ነበር። አጫጆቹ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤዛ ያረፈበት ሣር ለስለስ ብሎ ስለሚቆምና ስለማይንሸራተት በስለት በቀላሉ ይቆረጣል። ፀሐይ ሲወጣና ሣሩ ሲደርቅ ግን ማጭዱ ይደክማል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እርጥብ ሣር የእጅ ስለት ወዳጅ፣ የመኪና ግን ባላጋራ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። በአራት ጎማ የሚገፋው መኪና ስለቱ በቆርቆሮ ሽፋን ሥር ይሽከረከራል። እርጥብ ሣር በተቆረጠ ጊዜ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ከሽፋኑ ሥር ይለጠፋል፤ መውጫውን ይደፍናል፤ ሞተሩን ያፍናል። ሣሩ ከጉልበት በላይ ከሆነ ደግሞ መኪናው ሣሩን ደፍጥጦት ያልፋል እንጂ በቅጡ አይቆርጠውም። ጎማው በጭቃ ይንሸራተታል፤ በራሰ መሬት ላይ ሲመላለስም አፈሩን ይጠቀጥቃል። አምራቾቹ ራሳቸው በእርጥብ ሣርና ቀጥ ባለ ዳገት ላይ እንዳይሠራበት በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራው ዓይነትማ በእርጥብ ሣር ላይ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ከምርጫው ውስጥ ሊገባ አይገባውም።

በትከሻ የሚንጠለጠለው የሣር ማጨጃ ሞተር ከዚህ ይሻላል። ጎማ ስለሌለው ዳገት አይገድበውም፤ ረጅም ሣርም ይቆርጣል። ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት መቁረጫ እንዳለው መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የፕላስቲክ ክር ነው። ክሩ ሣሩን አይቆርጠውም፤ ይመታዋል፣ ይበጣጥሰዋል። የተበጣጠሰው ሣር ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ይረጫል፤ ከክሩም ስብርባሪ ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለው ለመንገድ ዳርና ለግቢ ጽዳት እንጂ ለላም ቀለብ አይሆንም። ሁለተኛው የብረት ስለት ነው። ይህኛው ወፈር ያለውን አገዳ ሳይቀር ስለሚቆርጥ ለመኖ ማጨጃ ይመረጣል። ነገር ግን በእርከን ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ስለቱም ድንጋዩም ሊፈናጠር ይችላልና፣ የዓይን መከላከያ፣ ጠንካራ ጫማና በአካባቢው ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው። እግር በሚያዳልጥበት እርጥብ ዳገት ላይ ስለት እየተሽከረከረ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ማንም ሊገምተው ይችላል።

ሌላም ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን ሞተር ይደክማል። አንድ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በአርባ ምንጭ ሱቅ ደጃፍ ላይ በብርታት ሲያጓራ የታየው ሞተር ጨንቻ ሲደርስ በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሠራው። ካርቡራቶሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚን እየፈጀ ጭስ ብቻ ይሆናል። ሣሩ የሚከብደውና ዳገቱ የሚበረታው ሞተሩ በሚደክምበት በዚያው በደጋው መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

የነዳጁም ነገር ቀላል አይደለም። በጀሪካን ቤንዚን መቅዳት ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ማኅበሩ ፈቃዱን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ብዙዎቹ በትከሻ የሚያዙ ሞተሮች ዘይት ከቤንዚን ጋር ተመጥኖ ካልተቀላቀለላቸው በአጭር ጊዜ ይቃጠላሉ። በዝናብ ወራት ደግሞ ውሃ ወደ ቤንዚኑ ይገባል፤ የአየር ፊልትሮውም ይርሳል። ካንዴላውን ነቅሎ የሚያጸዳ፣ ስለቱን የሚስል፣ ልኩን የሚያውቅ አንድ የሠለጠነ ሰው በቀበሌው ከሌለ መኪናው ከሳምንታት በላይ አይዘልቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪና ለጋሞ ምድር ፈጽሞ አይሆንም ማለት ስሕተት ይሆናል። በቆላው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ፣ በሙዝ ተክል መካከል የሚበቅለውን ሣር ለመቁረጥ፣ የብረት ስለት ያለው ሞተር ጥሩ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ባለ ጎማው መኪናም በተስተካከለ የትምህርት ቤት ሜዳና በተቋማት ግቢ ውስጥ፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ቦታው ነው። ለድርቆሽ የሚሆን ሰፊ ሜዳ ያለው ማኅበር ደግሞ፣ እንደ መቀስ ጥርስ ወደ ግራና ቀኝ በሚመላለስ ስለት የሚቆርጠውን ዓይነት ቢመለከት ይሻለዋል። ይህኛው ረጅም ሣር ሳይበጣጥስ ከሥሩ ቆርጦ በመስመር ስለሚያስተኛው ለማድረቅም ለመሸከምም ይመቻል።

በደጋው እርከን ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ማጭድ ያደላል። ለዚህ ዋናው ምስክር ደሾ ነው። ደሾ ከጨንቻ ምድር የተገኘ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተስፋፋ ሣር ነው። በሥሩ ተከፋፍሎ ይተከላል፤ የእርከኑን ጠርዝ ያስራል፤ ጎርፉን ያዘገያል፤ በዚያውም ለከብት ቀለብ ይሆናል። የአባያ ሐይቅ ውሃ ደፍርሶ ቀይ የሚመስለው ወንዞች ይዘውት በሚገቡት ደለል መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ በዳገቱ ላይ የሚቆመው እያንዳንዱ የደሾ መስመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው። ይህ ጠባብ መስመር በድንጋይ እርከን ጠርዝ ላይ ያለ ስለሆነ፣ በእጅ ተይዞ በጥንቃቄ የሚቆረጥ እንጂ መኪና የሚመላለስበት አይደለም። የምታጭደው ሴት ደግሞ ዓይንዋ አብሮ ይሠራል። ከብት የሚመርዘውን አረም እየለየች ትጥላለች፤ መኪና ግን መርጦ አይቆርጥም።

ሆኖም ማጭድ ሁሉ ማጭድ አይደለም። ዱልዱም ማጭድ እርጥብ ሣር ላይ ይንሸራተታል፤ አጫጁም ሣሩን በጉልበት ይጎትተዋል፤ ደሾውም ከነሥሩ ይነቀላል። ሣሩ ሳይቆረጥ የተቀደደ እንደሆነ ጫፉ ይጠወልጋል፤ ቶሎም አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ጥሩ ብረት መምረጥ ያስፈልጋል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማጭድ በደንብ ከተሞረደ ስለቱን ይዞ ይቆያል። እጀታው ውሃ ሲነካው የማያዳልጥና ለሴት እጅ የሚመጥን መሆን ይኖርበታል። አጫጁ ሞረዱን በኪሱ ይዞ በየመሀሉ መሳል አለበት። ማጭዱ ማታ ሲገባ በጨርቅ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ ከተሰቀለ ዝገት አይበላውም።

በዚህ ረገድ በየአካባቢው ያሉት ብረት ቀጥቃጮች ሊታሰቡ ይገባል። ይህ ሙያ በብዙ የአገራችን ክፍል ለዘመናት በንቀት ዓይን ሲታይ ኖሯል። አንድ ማኅበር ለአባላቱ የሚሆኑ ማጭዶችን በአንድ ጊዜ ቢያዝ፣ ለአንድ ሞተር ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ በቂ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡም በአካባቢው ይቀራል፤ ባለሙያውም የሚገባውን ክብር ያገኛል፤ ማጭዱ ቢሰበር የሚጠግነው ሰው ከቀበሌው አይርቅም። ለጥ ባለ የሣር ሜዳ ላይ ደግሞ ቀጥቃጩ ረጅም እጀታ ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ማጭድ ለሙከራ ቢሠራ መልካም ነው። ሰው ሳያጎነብስ ስለሚያጭድበት ለወገብ ያዝናል። ግን እርሱም ልምምድ ይፈልጋል፤ ድንጋይ በበዛበት እርከን ላይም አይሆንም።

የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ የአስተጫጨዱ ሥርዓት አንድ ነው። ደሾ ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታጨደው ሦስት ወይም አራት ወር ሲሞላው ነው። ሲታጨድም ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ይኸውም ከአራት ጣት ከፍ ተብሎ መቆረጥ ይኖርበታል። መሬቱን ልሶ የሚታጨድ ሣር መልሶ የሚያቆጠቁጥበትን ኃይል ያጣል። በረግረግ ዳር የሚበቅል ሣር ደግሞ በታችኛው አገዳው ላይ የጉበት ትል ዕጭ ይዞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከፍ አድርጎ ማጨድ ለከብቱም ጤና ይበጃል። የጠዋቱ እርጥብ ሣር ለማጭድ ይመቻል ሲባል ወዲያውኑ ለከብት ይሰጥ ማለት አይደለም። በተለይ ማገጥ የበዛበት ለጋ ሣር በእርጥቡ በብዛት ሲበላ የከብቱን ሆድ ይነፋል። ከጣሪያ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ ተበትኖ ጥቂት ሰዓት ጠውልጎ፣ ከደረቅ ገለባ ጋር ተደባልቆ ቢሰጥ ይሻላል። ለድርቆሽ የሚሆነው ሣር ደግሞ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጡ ይሞቃል፤ ይሻግታል። ሻጋታውን የበላች ላምም ትታመማለች።

እንግዲህ መሪዎች ከመወሰናቸው በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን በስብሰባ ላይ ቢያነሱ ይበጃል። የሚታጨደው ሣር ለከብት ቀለብ ነው ወይስ ለግቢ ጽዳት? መሬቱ ሜዳ ነው ወይስ እርከን? ሣሩ ከጉልበት በታች ነው ወይስ በላይ? ስለቱን የሚስልና ሞተሩን የሚጠግን ማን ነው? መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? ቤንዚኑን የሚከፍለው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ የሠፈረ መልስ ሳይኖር ገንዘብ ከካዝና መውጣት የለበትም። ውይይቱም የወንዶች ብቻ መሆን የለበትም። ሣሩን በየቀኑ የሚያጭዱትና የሚሸከሙት ሴቶች ሳይጠየቁ የሚገዛ መሣሪያ ማንም ሳያነሳው የሚቀር መሣሪያ ነው። እነርሱ ከማጨዱ ይልቅ መሸከሙ ነው የከበደን ሊሉ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ ለማኅበሩ የሚጠቅመው የማጨጃ ሞተር ሳይሆን አህያ፣ ወይም ደሾውን በየቤቱ ጓሮ መትከል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሻጭ መኪናውን በደረቅ ቀን፣ በተስተካከለ ሜዳ ላይ አስነስቶ ሲያሳይ ማየት በቂ እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። ሣሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ይመጣል። ማኅበሩ መኪናው ወደ ቀበሌው እንዲመጣ፣ በዝናብ ወር፣ ጤዛ ባልለቀቀበት ጠዋት፣ በራሱ ዳገትና በራሱ ሣር ላይ ለአንድ ሙሉ ቀን እንዲፈተን ይጠይቅ። ከጎኑም አንዲት ጎበዝ አጫጅ በተሳለ ማጭድ ትሰለፍ። ማታ ላይ ማን ምን ያህል ሣር ለከብት በሚሆን መልኩ እንዳጨደ፣ ምን ያህል ቤንዚን እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደተጸዳ ይመዝገብ። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉና የልማት ሠራተኛው ለዚህ ሙከራ አመቺ ናቸው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ መልሱ ከወዲሁ ታውቋል።

በሙከራው መኪናው ከበለጠ ሳይፈሩ መግዛት ነው። ማጭዱ ከበለጠም በኋላ ቀርነት ተብሎ ሊታፈርበት አይገባም። የመሣሪያ ዘመናዊነት የሚለካው በድምፁ ሳይሆን ሠራተኛውን ከድካም፣ መሬቱን ከጥፋት፣ ማኅበሩንም ከዕዳ በማዳኑ ነው። በጋሞ አደባባይ እርጥብ ሣር ያነሳ እጅ አስቦና ተመካክሮ ነው የሚያነሳው። በጓሮውም ሣሩን የሚያጭደው መሣሪያ እንዲሁ ታስቦና ተመካክሮበት እንዲመረጥ ከየማኅበሩ መሪዎች ይጠበቃል።